ዛምቤታ የማትጠቁመው ዳርቻ

ዛምቤታ ከወደቡ በላይ ያሏትን ሦስት ክፍሎች የተከራየ እንግዳ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ የት የት መሄድ እንዳለበት ይነገረዋል። ጠይቋት አይደለም። በግሪክ ባሕር ያለችው ደሴታችን ከዳር እስከ ዳር ብትለካ ለአንድ ጠንካራ አህያ የግማሽ ቀን መንገድ ናት፤ ዛምቤታ ስታወራላት ግን አገር ታህላለች።

“ላይኛው መንደር በጠዋት ውጡ፤ አርፍዳችሁ ብትወጡ ፀሐዩ አናታችሁን ይበሳዋል። ቀትር ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግቡ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ቁልፉ ከበሶብላው ማሰሮ ሥር አለ። ሥዕሏ ፊት በቁምጣ እንዳትቆሙ፣ እሷ ባትናገራችሁ እኔ እሰማለሁ። ከዚያ ካስትሪ፣ አሮጌው መንደር። ካስትሪ ውስጥ የቀሩት ሁለት እህትማማቾች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ተኳርፈዋል። የአንደኛዋን አይብ ከቀመሳችሁ የሌላዋንም ቅመሱ፣ አለዚያ ጦር አስነሥታችሁ ትመጣላችሁ። መዋኘት ከሆነ ያማራችሁ አሞስ፤ አሸዋው ዱቄት ነው። ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ጠጠሩ ዳርቻ፣ ከወፍጮው ጀርባ።”

ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛና በሁለት እጇ ትናገራለች። ስለ ፕሲሊ ዳርቻ ግን ትንፍሽ አትልም።

አንዳንድ ነገረኛ እንግዳ ካርታውን ይዘረጋና ጣቱን በደቡብ በኩል ያሳርፋል። “ይኼስ? ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ያለበት ይመስላል።”

“እዚያ የባሕር ጃርት አለ” ትላለች ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ። “እሾሁ እግራችሁ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።”

ውሸቷን ነው። ፕሲሊ ከደሴቲቱ ዳርቻዎች ሁሉ የሚያምረው ነው፣ ጃርት የሚባል ዞር ብሎበት አያውቅም። ግን የባሏ ሬሳ የወጣው እዚያ ነው።

ባሏ ፋኑሪስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ መረቤን ላንሣ ብሎ በጠራ ሰማይ ወጣ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተገለበጠ። ጀልባውን ከሰሜኑ ገደል ሥር ፍርክስክሷ ወጥቶ አገኟት፣ እሱ ግን የለም። ዛምቤታ ከወደቡ ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አልነሣም አለች። እህል ሲያቀርቡላት አፏን ገጥማ ዝም። የባሏ ወንድም ስታማቲስ ቀኑን ሙሉ ባሕሩን ሲያስስ ውሎ ባዶ እጁን ሲመለስ ቀና ብላ ታየውና መልሳ ታቀረቅራለች። ሳምንት ሲያልፍ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ሰዉም ይቺም ተከትላው ልትሄድ ነው ማለት ጀመረ።

እኛ ዘንድ ነገር ሲጠፋ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ለቅዱስ ፋኑርዮስ ኬክ ይጋገራል። የጾም ኬክ ነው። ዘይት፣ ዘቢብ፣ ቀረፋና የብርቱካን ጭማቂ ይገባበታል፣ ቅቤና እንቁላል ዝር አይሉበትም። ቄስ ይባርከዋል፣ ለተገኘው ሰው ሁሉ ይታደላል፣ የቀመሰ ሁሉ “የቅዱሱን እናት እግዜር ይማራት” ይላል። ሴትዮዋ በዚህ ዓለም ሳለች ክፉ ነበረች አሉ፤ ልጇ ስለ እሷ ለሚለምንለት ሰው የጠፋውን ሁሉ ይገልጥለታል። ለቁልፍም ይጋገራል፣ ለፍየልም ይጋገራል፣ ቆማ ለቀረች ልጃገረድ ባል እንዲገኝም ይጋገራል። ፋኑሪስ ደግሞ የቅዱሱ ሞክሼ ነው። ፕሲሊ ያለችውን የቅዱሱን ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኖራ የሚቀባት እሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ከጣሪያዋ ወድቆ ግራ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰብሮ፣ ዋናው የብስ ላይ ፒሬየስ ከተማ ድረስ ተወስዶ ብረት ገብቶለታል። ታዲያ ለእሱ ያልተጋገረ ለማን ይጋገር።

ሴቶቹ ዛምቤታን ከድንጋዩ ላይ ደግፈው አነሡ፣ እጇን ይዘው ዱቄቱን አስለወሷት። ኬኩ ተባረከ፣ ታደለ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የፕሲሊ ደወል ጮኸ።

ሬሳ ወጥቷል። የትም ሳይሆን ከቅዱሱ ደጅ፣ ከደረጃው ሥር። ከዚህ በላይ ማን ምን ምስክር ይፈልጋል? ቅዱሱ ተለመነ፣ ቅዱሱ ገለጠ። ፊቱ ለማየት የሚሆን አልነበረም። ስታማቲስ ቀድሞ ደርሶ በሸራ ጠቅልሎታል። “አትዪው” አላት ዛምቤታን፣ “እንደሚታወስሽ ይታወስሽ።” እሷም ሸራውን ከላይ ሳመችው፣ ሣጥኑ ተቸነከረ፣ ተቀበረ። በየተዝካሩ ስኳርና ለውዝ የተነሰነሰበት ንፍሮ አቀረበች፣ በየቅዳሜው ሻማ አበራች። ፕሲሊን ግን ዳግመኛ አልረገጠችውም።

መቃብራችን መዳፍ የምታክል ናት፣ ሟች ለዘላለም አይተኛባትም። ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ይቆያል፤ ከዚያ አፅሙ ፈልሶ፣ በወይን ጠጅ ታጥቦ፣ በሣጥን ሆኖ አፅም ቤት ከዘመዶቹ ጎን ይደረደራል። የፋኑሪስ እናት ልጇን በቀበረች በዓመቱ ስትሞት የዛምቤታን እጅ ጨብጣ “ልጄን ከጎኔ አምጪልኝ” ብላ ቃል አስገብታታለች። ዛምቤታ ልጅ አልወለደችም፣ ወንድም የላት፣ እህት የላት። በዚህ ዓለም የቀራት ጉዳይ ይኸው አንዱ ነበር፤ ባሏን በገዛ እጇ አጥባ እናቱ ጎን ማኖር።

ይህን ነገር ደግሞ ስታማቲስ ያጓትትባት ነበር። በሦስተኛው ዓመት “አፈሩ ሸክላ ነው፣ ገና ነው” አላት። በሌላው ዓመት ዝናቡ በዛ። ከዚያ ወገቤን አመመኝ አለ፣ እሱ ካልቆመ ደግሞ የወንድም አፅም አይወጣም አለ። በመጨረሻ የደብሩ ቄስ ሲሜዎን መረራቸው።

“ስታማቲስ፣ ወንድምህ እዚያ ውስጥ ሱቅ ሊከፍት ነው እንዴ?” አሉት ቡና ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “ቦታው ይፈለጋል። ቅዳሜ ይወጣል።”

ስታማቲስ ቀምሶ ያስቀመጠውን የኡዞ አረቄ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ዛምቤታ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ማሰሮ ቀይ ወይን ጠጅና ስሙ የተጻፈበትን ሣጥን ይዛ መቃብሩ ደረሰች። ስታማቲስ ከበሩ ውጪ ቆሟል። ግባ ቢሉት “እዚሁ ይሻለኛል” አለ። ሐዘኑ ነው ብለው ተዉት።

እማማ ማሩልዮ፣ የመንደሩን ሙታን ሁሉ ያወጣችው አሮጊት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ትጠርጋለች። በመጀመሪያ ራስ ቅሉን አወጣችና ስማ አቀበለች። ዛምቤታ ተቀብላ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። እፈራለሁ ብላ ነበር፣ አልፈራችም። እንዲያውም ስድስት ዓመት ሙሉ ያልመጣላት ሳቅ መጣባት።

“ኧረ እንዴት ቀለልክ” አለችው። “በሕይወትህ እንዲህ አልነበርክም። አልጋው ሲያቃስት ጎረቤት ይሰማ ነበር።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ቄስ አለ” አለች እማማ ማሩልዮ ከጉድጓዱ።

“ቄሱም ሚስት አላቸው።”

ቄስ ሲሜዎን ጸሎታቸውን አላቋረጡም፣ ጺማቸው ግን ትንሽ ተነቃነቀ።

አጥንቱ ተራ በተራ ይመጣል፣ እሷም በወይኑ እየነከረች ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ጨርቁ ላይ ትደረድራለች። እያጠበች ታወራዋለች። ኩሽናው እንደሚያፈስ ነገረችው፣ የካስትሪ እህትማማቾች ዛሬም እንዳልታረቁ ነገረችው። ልቧ ግን አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ብረቱን። ያ ብረት ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ፋኑሪስ እግሩን እያሻሸ “ልብስ አስገቢ፣ ብረቱ ተናገረ” ይላታል፣ እሷ ደመና የለም ብላ ትከራከራለች፣ ከዚያ ዝናቡ ይመጣና አንሶላዋን ያበሰብሰዋል። አጥንቱን ለእናቱ ሰጥታ ብረቱን ለራሷ ልታስቀር አስባ ነበር፣ ቤት ከሥዕሉ ሥር ልታኖረው።

አንደኛው ቅልጥም መጣ። ቀኙ ነው ብላ አጠበችው። ሌላኛው መጣ። አጠበችውና አገላበጠችው። ተመልሳ የመጀመሪያውን አነሣች። ሁለቱም ለስላሳ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ፣ ስንጥቅ የለባቸው፣ ቀዳዳ የለባቸው።

“እማማ፣ ብረቱን ከአፈሩ ውስጥ ፈልጊልኝ።”

“የምን ብረት?”

“የእግሩ ነዋ።”

እማማ ማሩልዮ አፈሩን በጣቷ አበጠረችው፣ ደግማ አበጠረችው። “የለም፣ ልጄ። ዝጎ አልቆ ይሆናል።”

“ብረቱስ ይዝጋ፣ ስብራቱስ? አጥንት ከተቀበረ በኋላ ይድናል እንዴ?”

የቄሱ ጸሎት መሐል ላይ ቀጥ አለ። ዛምቤታ ራስ ቅሉን ወደ ብርሃኑ መለሰችና ጥርሱን አየች። ፋኑሪስ ሃምሳን ዘልሎ ነበር፤ መንጋጋውን ግማሹን አስነቅሎ ዳቦ እንኳ በአንድ ጎኑ ነበር የሚያኝከው። ይኼኛው ጥርሱ ሙሉ ነው። አንድ የተበላ የለበትም። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ገና ብቅ ሲሉ የቀሩ ናቸው።

ልጅ ነው። የሌላ ሰው ልጅ።

ዛምቤታ ክው ብላ ቀረች። ቅድም ስለ አልጋ የቀለደችው ትዝ አላትና ፊቷን እሳት ላሰው። ጭኗ ላይ የያዘችውን ልትጥለው ቃጣት፣ ግን እንዴት ይጣላል፣ ይዛው ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ያለቀሰችለት፣ ሻማ ያበራችለት፣ ሌሊት በስሙ የጠራችው ይኼ ነው፤ ስሙ ደግሞ ያ አይደለም። ምን እንደሚባል እንኳ አታውቅም።

ከዚያ ስታማቲስ ትዝ አላት። አፈሩ ሸክላ ነው። ዝናቡ በዛ። ወገቤን አመመኝ። ራስ ቅሉን ጨርቁ ላይ በዝግታ አኖረችና ግራ ቅልጥሙን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች።

“ስታማቲስ፣ ይኼ የማን እግር ነው?”

አጥንቱን አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። የድንጋዩን አጥር ይዞ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

“የማን እንደሆነ አላውቅም” አለ። “የማን እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዚያው ጠዋት። ሱሪው ተቀድዶ ነበር። እግሩን አየሁት፣ ጠባሳ የለውም።”

እጇ ላይ ያለው የሰው አጥንት ባይሆን ኖሮ አናቱን ባለችው ነበር። ድምፅዋ ግን አልጮኸም፣ እንዲያውም ዝቅ አለ።

“ስድስት ዓመት። እኔ ሻማ ሳበራ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታማትብ ነበር። እናትህ ልጄን አምጪልኝ ስትለኝ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሃል። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ? ኧረ ለመሆኑ ሰው ነህ?”

“ልነግርሽ እየሮጥኩ ነበር፣ በወንድሜ ነፍስ። ደወሉ ቀደመኝ። ማን እንደደወለው አላውቅም፣ ከእኔ በቀር ማንም ሬሳውን ሳያይ ነው የተደወለው። ሴቶቹ ሁሉ ቅዱሱ ገለጠው እያሉ አንቺን ከፊት አድርገው ወረዱ። ሥዕሉን ሳምሽ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አልሽና…” ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። “ዳቦ ስጡኝ አልሽ።”

ዛምቤታ ቅልጥሙን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

“ከሳምንት በላይ እህል በአፍሽ አልዞረም። ዳቦ ስጡኝ አልሽ፣ አንዱ ከኪሱ ቁራሽ አወጣልሽ፣ ስትበዪ ቆሜ አየሁሽ። ታዲያ ምን ልበልሽ? አትብዪ፣ እሱ አይደለም ልበልሽ? ወንድሜን ባሕር በልቶብኛል። አንቺንም ልቅበር?”

ያ ዳቦ ትዝ አላት። ደረቅ ነበር፣ ትምባሆ ትምባሆ ይል ነበር፣ በዕድሜዋ እንደዚያ የጣፈጣት ነገር የለም። ቆሽቷ አረረ፤ በእሱ ይሁን በራሷ፣ በደወሉ ይሁን በኬኩ፣ ለራሷም አልለይ አላት።

“ታዲያ ፋኑሪስ የታለ?” አለች። ሞኝ ጥያቄ መሆኑን ከአፏ ሳይወጣ ታውቃለች።

ስታማቲስ ቀና ብሎ ባሕሩን አየ። መቃብራችን ኮረብታ ላይ ናት፣ ባሕሩ በሦስት በኩል ይታያል። ዛምቤታም አየችው። ይህን ሁሉ ዘመን የሸሸችው አንዲት ዳርቻ ነበር፤ በአሞስ ስትዋኝ፣ ከወደቡ ውኃ ቀድታ ደረጃዋን ስታጥብ፣ ለእንግዶች ዓሣ ስትጠብስ፣ እሱ እዚያው ሁሉ ውስጥ ነበር። አጥሩን ይዛ ከስታማቲስ ጎን ቆመች።

ቄስ ሲሜዎን ከኋላዋ መጡ። “ልጄ ዛምቤታ” አሉ በለሆሳስ፣ “እዚህ ያለነው አራት ሰው ነን። ሣጥኑ ተዘጋጅቷል፣ ስሙም ተጽፏል። ቅዱሱ ገለጠው ብሎ ሕዝቡ ያመነበት ነገር ነው። አጥበን እናኑረው። የማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።”

“እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ አባ። የማታውቀው እናቱ ናት።”

“እኔን መጀመሪያ ከዚህ ጉድጓድ አውጡኝ” አለች እማማ ማሩልዮ። “ክርክሩን ከዚያ ታደርሱታላችሁ፣ ጉልበቴ አልቋል።”

ዛምቤታ ሄዳ እጇን ሰጥታ አወጣቻት። ከዚያ ቦታዋ ተመልሳ ቁጭ አለችና የቀረውን አጥንት ማጠብ ቀጠለች። አሁን ስታጥብ ቀስ ትላለች፣ የሕፃን ገላ የምታጥብ ነው የምትመስለው። ራስ ቅሉ ላይ ስትደርስ ወይኑን በመዳፏ አፈሰሰችበት።

“ቅድም ያልኩህን እንዳልሰማህ ቁጠረው፣ ልጄ” አለችው። “ሌላ ሰው መስለኸኝ ነው።”

የሣጥኑን ስም በቢላዋ ፍቃ አጠፋችው። ስታማቲስን ይቅር አላለችውም፣ ሣጥኑን ግን አሸከመችው። አፅም ቤት ውስጥ የአማቷ ሣጥን ጎን የተተወ ክፍት ቦታ አለ፣ ለፋኑሪስ የተተወ። ዛምቤታ ቆም አለች። ስታማቲስ ሣጥኑን እንደያዘ ጠበቃት።

“እማዬ” አለች ወደ አማቷ ሣጥን፣ “ልጄን አምጪ ብለሽኝ ነበር። ያንቺን አላገኘሁትም። ይኼ የሰው ነው፣ እናቱ እስክትመጣ አንቺ ዘንድ ይቆይ።” ከዚያ ለስታማቲስ “አስቀምጠው” አለችው። ያን ቀን ከዚህ ሌላ አላናገረችውም።

በማግስቱ ኬክ ጋገረች። ሴቶቹ ጠረኑን ተከትለው መጥተው ምን ጠፋብሽ ቢሏት ዘቢቡን መልቀሟን ቀጠለች። ኬኩን በጨርቅ ጠቅልላ ፕሲሊ ወረደች። ደረጃው ያው ነው። የቅዱሱ ቤተ ክርስቲያን ኖራዋ ተልጧል፣ ከእሱ ወዲህ የቀባት የለም። ጫማዋን አወለቀችና ውኃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ሞቅ ያለ ነበር። እዚያ ቆማ አለቀሰች፣ ስድስት ዓመት ካለቀሰችው ለቅሶ ሁሉ ይኼኛው ብቻ የራሱ የፋኑሪስ ነበር።

ሰኞ መርከቡ አንድ ባልና ሚስት አወረደ። ዛምቤታ ላይኛውን መንደር፣ የበሶብላውን ማሰሮ፣ የካስትሪን አይብ ነገረቻቸው። ባልየው ካርታውን ዘረጋና ጣቱን በደቡብ በኩል አሳረፈ።

“ይኼኛው ላይ ጃርት አለ አይደል? ከእኛ በፊት እዚህ ያረፉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ጽፈዋል።”

“የለም። ውሸቴን ነው” አለች ዛምቤታ። “ከሁሉ እሱ ይበልጣል፣ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያኗ ክፍት ናት።” ከኬኩ ሁለት ቁራሽ ቆርጣ ሰጠቻቸው። “ከመብላታችሁ በፊት የቅዱሱን እናት እግዜር ይማራት በሉ። ሕጉ ነው።”

እየሳቁ፣ ቃሉን እያጣመሙ አሉ። ሚስትየዋ ቀመሰችና “ይጣፍጣል” አለች። “ለምንድነው የሚጋገረው?”

“ለጠፋ ነገር።”

“ምን ጠፋብሽ?”

“እኔማ የእኔ የት እንዳለ አውቃለሁ” አለች ዛምቤታ፣ በቢላዋው በመስኮቱ በኩል ባሕሩን እያሳየች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠችና የሴትዮዋን እጅ ያዘች። “አገራችሁ ስትገቡ ጠይቁልኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ ልጇ በባሕር ወጥቶ ያልተመለሰላት እናት ካለች። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ እግሩ ቀጥ ያለ ነው። ታጥቧል በሏት። ብቻውን አይደለም፣ ከአንዲት እናት ጎን ነው በሏት።”

ሴትዮዋ የተረፈውን ኬክ በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።